በሆስፒታሉ አልጋ ላይ የሞተው ማን ነበር?

መጨረሻውን ሳልናገር ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ አልችልም። «ዶን» የተባሉትን ሁለት የህንድ ፊልሞች ለማየት አስቦ ገና ያላየ ሰው ካለ አስቀድሞ አይቶ ይመለስ፤ ጽሑፉ የትም አይሄድም።

የመጀመሪያው «ዶን» እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት 1978 ለሕዝብ ቀረበ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ ቀላል ይመስላል። ዶን የአሥራ አንድ አገር ፖሊስ የሚያሳድደው የወንበዴዎች አለቃ ነው። አንድ ቀን ከፖሊስ ሲሸሽ ይቆስልና ዲ ሲልቫ በተባለ የፖሊስ መኮንን እጅ ላይ ይሞታል። መሞቱን ከመኮንኑ በቀር የሚያውቅ የለም። ዲ ሲልቫ ሬሳውን በምስጢር ይቀብርና በቦምቤይ ጎዳና እየዘፈነና እየጨፈረ የሚኖር ቪጃይ የሚባል ምስኪን ይፈልጋል። ቪጃይ ቁርጥ ዶንን ነው። ሁለት ጠያቂ ያጡ ሕፃናትንም ያሳድጋል። መኮንኑ የሚያቀርብለት ውል አጭር ነው፤ ልጆቹን ጥሩ ትምህርት ቤት አስገባልሃለሁ፣ አንተ ደግሞ ዶን ነኝ ብለህ ወንበዴዎቹ መሐል ግባልኝ። ቪጃይ ለልጆቹ ሲል ይገባል።

ከዚያ ዲ ሲልቫ ይገደላል።

የፊልሙ ሞተር እዚህች ሞት ላይ ነው። ቪጃይ ቪጃይ መሆኑን የሚያውቀው ብቸኛ ሰው ከነምስክርነቱ ሄደ። ለፖሊስ ቪጃይ እጁ የተያዘ ዶን ነው፤ ለወንበዴዎቹ የፖሊስ ሰላይ ነው። አንዱን ሲያመልጥ ሌላው እጅ ይወድቃል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። አንድ ድሃ ሰው «እኔ እኔ ነኝ» ቢል የሚያምነው ያጣል። የቀረው የፊልሙ ክፍል በሙሉ ይህ ሰው ስሙን ለማስመለስ የሚያደርገው ሩጫ ነው፤ በመጨረሻም ያስመልሰዋል።

ሁለተኛው «ዶን» በጥቅምት 2006 በዲዋሊ በዓል ሰሞን ወጣ። በመጀመሪያው ዶንንም ቪጃይንም የተጫወተው አሚታብ ባቻን በነበረበት ቦታ ሻህ ሩክ ካን ገባ፤ ቦምቤይ የነበረው ነገር ወደ ኩዋላ ላምፑርና ፓሪስ ሄደ፤ ምስጢሩን የያዘው ቀይ ማስታወሻ ደብተር የኮምፒውተር ዲስክ ሆነ። የቀረው እንዳለ ነው። ቆስሎ የሚሞት ዶን፣ ምስኪኑ ቪጃይ፣ የወንድሟን ደም ለመመለስ ከቡድኑ ጋር የተቀላቀለችው ሮማ፣ ሁሉም አሉ። የድሮውን ያየ ሰው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ እያወቀ ይመለከታል። መጨረሻ ላይ ግን ፊልሙ ወለሉን ከእግሩ ሥር ይስበዋል። ቀና የነበረው ዲ ሲልቫ ራሱ የወንጀለኞቹ ቁንጮ ሆኖ ይገኛል። ከዚያም የባሰው ይከተላል፤ ዶን አልሞተም። ቆስሎ ተኝቶ ሳለ የመኮንኑን ዕቅድ ሰምቶ ከቪጃይ ጋር ቦታ ተለዋውጧል። በሆስፒታሉ አልጋ ላይ «ዶን» ተብሎ የሞተው ቪጃይ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስናዝንለት፣ ስንፈራለት የቆየነው ሰው ቪጃይን የሚተውን ዶን ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። በድጋሚ የተሠራ ፊልም፣ በተለምዶ ሪሜክ የሚባለው፣ ከመጀመሪያው ጋር ሲመዘን የሚመዘነው ከምን ጋር ነው? ብዙ ሰው ከፊልሙ ጋር ይመስለዋል። አይደለም። የድሮውን ፊልም ያየነው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ አሥር ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የያዝነው ትዝታውን ነው፤ ትዝታው ደግሞ ከፊልሙ የተሻለ ነው። የተንዛዛውን ክፍል ቆርጦ ጥሏል፣ ያረጀውን ቀለም አድሷል፣ አብሮን የነበረውን ጓደኛ፣ የዚያን ዘመን ዕድሜያችንን ጨምሮበታል። የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ሌላ ድምፃዊ ሲዘፍነው ምን ያህል አሳምሮ ቢዘፍን ጆሯችን የሚሰማው የጎደለውን ነው። አዲሱ ተዋናይም የሚወዳደረው ከአሮጌው ተዋናይ ጋር ቢሆን ኖሮ ዕድል ነበረው።

እኔ ራሴ ባቻንን ያወቅሁት በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚ የተደረደረበት ክፍል ነበር። ቋንቋውን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም፤ አንድ ከእኛ ከፍ ያለ ልጅ ከፊት ተቀምጦ «ይኼ ወንድሙ ነው»፣ «አሁን ሊከዳው ነው» እያለ ያስረዳን ነበር። ከፊሉ የራሱ ፈጠራ እንደነበረ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የህንድ ፊልም ሲኒማ ቤት ሞልቶ የሚታይበት ዘመን እንደነበር ትልልቆቹ ያውቃሉ፤ ዛሬም የሚያስለቅስና መጨረሻው የማይደረስበት ታሪክ ሲወራልን «የህንድ ፊልም አደረግኸው» እንላለን። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ እኔ ገለልተኛ ዳኛ አይደለሁም። የምመዝነውን እያወቃችሁ አንብቡ።

የመጀመሪያው «ዶን» የተወለደው ከዕዳ ነው። ናሪማን ኢራኒ የተባለ የካሜራ ባለሙያ በ1972 ራሱ ፕሮዲውሰር ሆኖ ያሠራው ፊልም ከሰረበትና የብዙ መቶ ሺህ ሩፒ ዕዳ አናቱ ላይ ወረደ። በካሜራ ሠራተኛ ደመወዝ ተከፍሎ የሚያልቅ አልነበረም። ያኔ ማኖጅ ኩማር ባዘጋጀው አንድ ፊልም ላይ አብረውት ይሠሩ የነበሩት አሚታብ ባቻን፣ ዚናት አማንና ረዳት አዘጋጁ ቻንድራ ባሮት ፊልም ሥራ፣ እኛ አለንልህ አሉት። ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር የተባሉት ጥንድ ጸሐፊዎች ዘንድ ሌሎች አይተው የመለሱት አንድ ጽሑፍ ነበር። ርእስ እንኳን በወጉ ስላልነበረው «ያ ዶን ያለበት» እየተባለ ይጠራ ነበር። እሱን ወሰዱ። ባሮት ፊልም አዘጋጅቶ አያውቅም፤ ያደገው ታንዛኒያ ሲሆን ወደ ህንድ ከመሄዱ በፊት ዳሬሰላም ባንክ ቤት ይሠራ ነበር። ኢራኒ ፊልሙ ሳያልቅ በሌላ ፊልም ቀረጻ ቦታ በደረሰ አደጋ ሞተ። ፊልሙ ሲወጣ የተገኘው ገንዘብ የሚስቱን የዕዳ ሸክም አራገፈ።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ለማሳዘን አይደለም። ገንዘብ የሌለው ፊልም ምን እንደሚመስል ለማሳየት ነው። የ1978ቱ «ዶን» ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ልብሱ እዚህም እዚያም የተጣፈ ሥራ ነው። የመኪና ማሳደዱ ዛሬ ያስቃል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው የሚሮጥ ታሪክ አለው፤ ጸሐፊዎቹ አንድም ትዕይንት ያለ ሥራ አላስቀመጡም።

አንዱን ትዕይንት ቀረብ ብለን እንየው። ፊልሙ ተቆርጦ ከተቀጠለ በኋላ ባሮት ለቀድሞ አለቃው ለማኖጅ ኩማር አሳየው። ማኖጅ አይቶ ሁለተኛው ግማሽ ትንፋሽ አያስወስድም፤ አንድ ዘፈን አስገባበት አለው። እንደ ድንገት የገባው ያ ዘፈን ከፊልሙ ሁሉ ረጅም ዕድሜ የኖረው ሆነ። የባናራስን ፓን ስለ ማኘክ የሚዘፈነው ማለቴ ነው። ፓን በቅጠል የሚጠቀለል፣ ውስጡ ኖራና የተፈለጠ ፍሬ ከቅመም ጋር ያለበት፣ ሲታኘክ አፍን ቀይ የሚያደርግ ነገር ነው። ቪጃይ ከፖሊስም ከወንበዴም አምልጦ ከሮማ ጋር ድሆች መንደር ገብቷል፤ ሰዎቹ የሚያሰክር መጠጥ ያቀምሱታል፤ እሱም ፍርሃቱን ረስቶ ይጨፍራል። ለባቻን ድምፁን የሰጠው ዘፋኝ ኪሾር ኩማር አፉ በፓን እንደተሞላ ሰው እያላመጠ ይዘፍናል። በግጥሙ ውስጥ ቪጃይ ራሱን የጋንጅስ ዳርቻ ልጅ ብሎ ይጠራል።

ለውጭ ተመልካች ይህ የማስዋቢያ ቃል ይመስላል። በቦምቤይ ሲኒማ ቤት ለተቀመጠው ሰው ግን ስም መጥራት ነበር። ከጋንጅስ ወንዝ አካባቢ፣ ከኡታር ፕራዴሽና ከቢሃር፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ቦምቤይ የፈለሰው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ተሸካሚ ነው፣ ልብስ አጣቢ ነው፣ ታክሲ ነጂ ነው። ከተማው በአነጋገሩ ይስቅበታል። ይኸው ሰው በሸራው ላይ የአገሩን ዘዬ ሲሰማ፣ ያውም ከአገሩ ትልቁ ተዋናይ አፍ፣ ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም። ባቻን ደግሞ ማስመሰል አላስፈለገውም፤ የተወለደው አላሃባድ፣ ጋንጅስና ያሙና የሚገናኙበት ከተማ ነው። ኪሾር በዚህ ዘፈን ፊልምፌር የሚባለውን የህንድ ፊልም ሽልማት ወሰደ፤ ባቻንም በዚያው ፊልም ምርጥ ተዋናይ ተባለ።

ቪጃይ የሚለው ስም ራሱ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ትርጉሙ ድል ነው። ሳሊምና ጃቬድ ለባቻን በጻፏቸው ፊልሞች ውስጥ ይህ ስም ደጋግሞ ይመጣል። በ1970ዎቹ ህንድ ሥራ አጥነቱ፣ የኑሮ ውድነቱ፣ ከ1975 እስከ 1977 የዘለቀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሕዝቡን አንገሽግሾት ነበር፤ እነዚህ ቪጃዮች የዚያ ብስጭት ፊት ናቸው። «ዶን» ውስጥ ያለው ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ አይቆጣም። የሚስቅ፣ የሚፈራ፣ ልጅ የሚያሳድግ ቪጃይ ነው። ለዚህ ነው ይመስለኛል ከሁሉም አብልጬ የምወደው።

እንግዲህ የአዲሱ ፊልም አዘጋጅ ፋርሃን አክታር በ2006 የገደለው ይህንን ሰው ነው።

ፋርሃን የጃቬድ አክታር ልጅ ነው። አባቱ ከባልደረባው ጋር የጻፈውን ታሪክ ልጁ ይዞ ሲነሳ አባት የአዲሱን ፊልም ግጥሞች ጻፈለት። በቤት ውስጥ የቀረ ሥራ ነው ማለት ይቻላል፤ ልጁ ግን የአባቱን ቤት ቀለም ቀብቶ ብቻ አልተመለሰም፤ ምሰሶውን ነቀለ። አስቡት፤ የመጀመሪያው ፊልም የታመነው በምን ነበር? ቪጃይ ቪጃይ ነው በሚለው። እኛ ተመልካቾች ከፖሊስ ሁሉ የምንበልጠው ያንን በማወቃችን ነበር። አዲሱ ፊልም ያንኑ እምነታችንን ወሰደና ማጭበርበሪያ አደረገው። የድሮውን ያላየ ሰው በ2006ቱ መጨረሻ ይደነቃል፤ ያየ ሰው ግን ይታለላል። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ለመታለል አስቀድሞ ማመን ያስፈልጋል፤ ያመንነው ደግሞ ትዝታችንን ነበር። ሪሜክ የሚሠራ ሰው ሁሉ «ተመልካቹ ታሪኩን ያውቃል» ብሎ ይጨነቃል። ፋርሃን ጭንቀቱን መሣሪያ አደረገው፤ በዚህ ብልሃት እጅ ነሥቼለታለሁ።

ሁለቱም ፊልሞች ውስጥ ዶን የሚናገራት አንዲት ፉከራ አለች፤ ህንድ ውስጥ ሕፃን ሳይቀር ያውቃታል። ዶንን መያዝ አስቸጋሪ ብቻ ሳይሆን የማይቻል ነው ይላል። በ1978 ይህችን ብሎ፣ ፊልሙ ገና ሳይጋመስ ይሞታል። ፉከራው የትዕቢተኛ ሰው ፉከራ ሆኖ ቀረ። በ2006 ያንኑ ቃል ይላል፤ አይያዝምም። አንዲት ቃል ሳትቀየር ፉከራው እውነት ሆነ። የሁለቱን ፊልሞች ልዩነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረን የሚለኝ ቢኖር የማሳየው ይህንን ነው። በዚያኛው ዘመን ወንጀለኛ ሳይቀጣ ከሲኒማ ቤት መውጣት የማይታሰብ ነበር። «ሾሌ» የተባለው የ1975 ዝነኛ ፊልም የመጀመሪያ መጨረሻው የተበደለው ሰው ሽፍታውን ራሱ ሲገድለው ነበር፤ ሳንሱሮቹ ሕግን በእጅ መውሰድ ነው ብለው ስላልፈቀዱ ፖሊስ ደርሶ እንዲያስቆመው ተደርጎ እንደገና ተቀረጸ። በ2006 ግን ዶን ሻንጣውን ይዞ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ከአየር ማረፊያ ይሄዳል። ተመልካቹ ያጨበጭባል።

ተመልካቹ ለምን አጨበጨበ? ተመልካቹ ራሱ ስለ ተቀየረ ነው። በ1978 ህንድ ውስጥ ሲኒማ ቤት ማለት ትልቅ አዳራሽ ነበር፤ ከፊት ያለው ርካሽ ወንበር ላይ የቀን ሠራተኛው ይቀመጣል፤ የወደደው ተዋናይ ሲመጣ ያፏጫል፣ ሳንቲም ይወረውራል። የፊልም ዕድል የሚወሰነው እዚያ ፊት ወንበር ላይ ነበር። በ1997 በደልሂ ብዙ ትናንሽ አዳራሾች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉበት ዘመናዊ ሲኒማ ተከፈተ፤ ከዚያ በየከተማው ከገበያ አዳራሽ ጋር ተያይዞ ተስፋፋ። የትኬቱ ዋጋ ወጣ። በ1998 መንግሥት ፊልም ሥራን ኢንዱስትሪ ብሎ ስላወቀለት ከባንክ መበደር የሚቻልበት መንገድ ተከፈተ፤ ለንደን፣ ዱባይና ኒው ጀርሲ ያለው ህንዳዊ ደግሞ በዶላርና በፓውንድ ትኬት ይገዛል። አዲሱ ሰው ቪጃይን አያውቀውም፤ ልብሱን የሚያጥብለት ሰው ነው። ዶንን ግን መሆን ይፈልጋል። የዶን ሸሚዝ፣ የዶን መኪና፣ የዶን ድፍረት ያምሩታል። ስለዚህ የቪጃይ ሞት የጽሑፍ ብልሃት ብቻ አይመስለኝም፤ የገበያም ውሳኔ ነው። ፋርሃን ይህን አስቦ አደረገው ማለቴ ግን አይደለም።

ሻህ ሩክ ካን ለዚህ የተመቸ ሰው ነበር። እንደ ፍቅረኛ ከመታወቁ በፊት፣ በ1993 በወጡ ሁለት ፊልሞች ገዳይና አሳዳጅ ሆኖ ነው ስሙን የተከለው። ክፋት ሲጫወት ደስ ይለዋል፣ ደስታው ይተላለፋል። የባቻን ዶን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ብዙ የማይንቀሳቀስ፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ያ ወፍራም ድምፅ ሥራውን ይሠራለታል። ሻህ ሩክ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ዶንን ተጫዋች፣ በራሱ ቀልድ የሚስቅ አደረገው። በ2006 ብዙ ሰው «አሚታብን ሊመስል ሞክሮ አልሆነለትም» አለ። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው፤ እንዳይመስለው ተጠንቅቋል።

ቪጃይን ሲጫወት ግን ያው ወቀሳ ሁለት እጥፍ ሆኖ መጣበት። የፓኑን ዘፈን ያዩ ሰዎች አበዛው፣ አጋነነው፣ የአገር ቤት ሰው ያስመስላል እንጂ አይደለም አሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። በአዲሱ ፊልም ያ ዘፈን የሚመጣው ከሆስፒታሉ በኋላ ነው። እውነተኛው ቪጃይ ሞቷል። በሸራው ላይ የሚጨፍረው ዶን ነው፤ የጋንጅስ ዳርቻ ልጅ ነኝ እያለ ሮማን የሚያታልለው። ስለዚህ ማጋነኑ ትክክል ነው! ቱጃር ወንጀለኛ ድሃን ሲያስመስል እንዲህ ነው የሚያስመስለው፤ ከፊልም እንዳየው አድርጎ። ምናልባት ያኔ ተዋናዩ በርግጥ አጋኖት ይሆናል፤ ፊልሙ ግን ለስሕተቱ መሸፈኛ አስቀድሞ አዘጋጅቶለታል። ይህን ሳስተውል በአንድ በኩል ሳቄ መጣ፣ በሌላ በኩል ቅር አለኝ። በ1978 ያ ዘፈን በፊልሙ ውስጥ ካለው ሁሉ እውነተኛው ነገር ነበር፤ የተሳደደ ሰው ጭምብሉን አውልቆ ራሱን የሚሆንበት ብቸኛ ቦታ። በ2006 ከጭምብል በታች ሌላ ጭምብል ሆነ።

ሌላው የሚነጻጸረው የካሚኒ ዳንስ ነው፤ ይኼኛውን በአጭሩ ላልፈው እችላለሁ። ካሚኒ እጮኛዋን የገደለባትን ዶንን ፖሊስ እስኪደርስ ለማቆየት በፊቱ ትደንሳለች። ሔለን በ1978 ስትደንስ በፈገግታዋ ሥር ፍርሃቷ ይታያል፤ ዓይኗ አሁንም አሁንም በሩን ያስባል። ዳንሱ ሰዓት ነው። ካሪና ካፑር በ2006 ስትደንስ ሁሉ ነገር ያምራል፤ ሰዓቱ ግን አይቆጥርም። ሔለን በለጠች።

ከሌሎች ሪሜኮች ጋር ሲታይ ግን የ2006ቱ «ዶን» ስኬቱ ትንሽ አይደለም፤ ከዓመቱ ብዙ ገቢ ካገኙት ፊልሞች አንዱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በነሐሴ 2007፣ ራም ጎፓል ቫርማ «ሾሌ»ን መልሶ ሠራ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው ሆነበት። በመጀመሪያው ፊልም ሽፍታው የተበደለውን ሰው፣ የታኩርን፣ ሁለቱንም እጆች ይቆርጣቸዋል። ሰውየው ሁልጊዜ ጋቢ በመሰለ ልብስ ተከናንቦ ነው የሚታየው። ሽፍቶች መንደሩን ሲወሩ ጠመንጃ አጠገቡ ወድቆ እያየ ስለማያነሳው የቀጠራቸው ሁለት ጎረምሶች ይቆጡታል፤ ከዚያ ነው ልብሱ ከትከሻው ተንሸራቶ ምክንያቱን የምናየው። ባዶ እጅጌ። ያንን ያየ ሰው አይረሳውም። በአዲሱ ፊልም ሰውየው የተቆረጡበት ጣቶቹ ናቸው። ጣት መቆረጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን ጣት የሌለው ሰው ልብስ ቢከናነብ ምን ይደብቃል? አዘጋጁ የመጀመሪያውን ላለመቅዳት ብሎ ዝርዝሩን ቀየረ፤ ዝርዝሩ ይዞት የነበረው ምስጢር አብሮ ሄደ። ፋርሃን መዋቅሩን ትቶ እምነቱን ቀየረ፤ ቫርማ እምነቱን ትቶ ዕቃውን ቀየረ። በዚህ ላይ የመብት ክርክር መጣ፤ የደልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2015 ለ«ሾሌ» ባለመብቶች 1 ሚሊዮን ሩፒ ካሣ እንዲከፈል ወሰነ።

በተቃራኒው «አግኒፓት» አለ። የ1990ው ፊልም ሲወጣ አልሸጠም፤ ባቻን ድምፁን አጎርንኖ በመናገሩ ሰው አልወደደለትም ነበር፤ በኋላ ግን ብሔራዊ ሽልማት አገኘበት፣ እያደርም ተወደደ። በ2012 የፕሮዲውሰሩ ልጅ ካራን ጆሃር በሌላ አዘጋጅ፣ በካራን ማልሆትራ፣ አሠርቶ አተረፈበት። ያለ ጥርጥር የተመቸው ነገር የመጀመሪያው ጎዶሎ መሆኑ ነው። ጎዶሎን መሙላት ይቻላል። ሙሉውን የሚነካ ሰው ነው ችግር የሚገጥመው።

ደግሞ «የመጀመሪያው» የምንለው እስከምን ድረስ የመጀመሪያ ነው? በ1962 ሻሚ ካፑር የተጫወተበት «ቻይና ታውን» የሚባል ፊልም አለ። ፖሊስ የወንጀለኛን መንታ መሳይ ይዞ በወንጀለኛው ቦታ ያስገባዋል። የሚታወቅ ነገር ነው አይደል? «ዶን» ራሱ ከወጣ በኋላ በ1980 በታሚል ቋንቋ «ቢላ» ተብሎ ራጂኒካንት ተጫወተበት፤ በደቡብ ህንድ ላለ ብዙ ሰው የመጀመሪያው እሱ ነው፤ ባቻንን የሚመዝነው በራጂኒ ነው። በ2007 ደግሞ «ቢላ» ራሱ እንደገና ተሠራ።

በ2011 የሻህ ሩክ ዶን ሁለተኛ ክፍል ወጣ፤ እዚያ ውስጥ ቪጃይ የሚባል ሰው አያስፈልግም፤ ዶን ብቻውን ይበቃል። በ2023 ፋርሃን ሦስተኛውን ክፍል ሲያስታውቅ ራንቪር ሲንግ ዶን እንደሚሆን ተነገረ። ወዲያው ጩኸቱ ቀለጠ። ዶን ማለት ሻህ ሩክ ነው፣ ሌላ ሰው በዚያ ቦታ አናይም ተባለ። በ2006 ሻህ ሩክን «ዶን ማለት አሚታብ ነው» ብለው ያወገዙት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ ብሰማ ደስ ባለኝ። እኔ በበኩሌ ፈገግ አልኩ።

ሁለቱን ማየት የሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን እንዳያበላሽ አደራ። የ1978ቱን መጀመሪያ ይይ፤ ቪጃይን በደንብ ይውደደው። ከዚያ የ2006ቱን ይይ። ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ይመለስና የፓኑን ዘፈን ብቻ እንደገና ይክፈት። ሮማ ስትስቅ ይታያል፤ አብራው ትጨፍራለች፤ አምናዋለች። እሷን ትቶ የእሱን ዓይን ይከተል።